ከፊት የሚገጠመው መንቀያ

አጎቴን ሰው ሁሉ «ዟሪው» ይለዋል። ትራክተር ላይ ከመውጣቱ በፊት ዙሪያውን ይዞራል፤ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ሥር ሥራቸውን ያያል፤ ከዚያ ይወጣል። ውሃ ለመጠጣት ወርዶ ቢመለስ እንኳ እንደገና ይዞራል። የሚያሳርሱት ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ በመጨረሻ ይናደዳሉ። ቢሆንም ከእሱ ሌላ አይጠሩም፤ ዟሪው ባረሰበት ማሳ ዶሮ እንኳ ተረግጣ አታውቅም። እኔ ግን ሲዞር ማየት አልወድም። ከጎማው ሥር የሚፈልገው ዶሮ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚፈልገው አባቴን ነው።

አባቴ የሞተው በዚያው ትራክተር ነው፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገባሁ ልጅ ነበርኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከቤታችን ጀርባ ያለውን የጋራ መሬታቸውን ሣር ሊያጭዱ ወጡ። አጎቴ ይነዳል፤ ማጨጃው ከኋላ ተገጥሟል፤ አባቴ ፊት ፊት እየሄደ ስለቱን የሚሰብር ድንጋይ ያነሳል። ሣሩ የሰው ደረት ይደርስ ነበር። አባቴ ጎንበስ እንዳለ ትራክተሩ ደረሰበት። አጎቴ ለመጣው ሰው ሁሉ «አላየሁትም» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም። ታላቅ ወንድሙን «ወንድም ጋሼ» ነበር የሚለው፤ ያንን አጠራርም ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ የሰማ የለም። ነገሩን ያበላሸው ግን ከአንድ ቀን በፊት ሁለቱ በመሬቱ ክፍፍል ክፉኛ መጨቃጨቃቸው ነው፤ ጎረቤት በአጥር ሰምቷል። ሰው ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ ማንሾካሾክ ጀመረ። አይቶት ነው ወይስ ሳያየው?

እናቴ አልጠየቀችውም። የባሏ ወንድም ነውና ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙ ሲቀደድ ትሰፋለታለች፤ እሱም «እትዬ፣ እትዬ» እያለ ጣሪያዋን ይጠግናል። ጥያቄው ግን ከሁለቱ መካከል ተቀምጦ አብሯቸው ይበላ ነበር። አመሻሽ ላይ እማዬ እጇን ከሥራዋ ታነሳና ጆሮዋን ወደ ጓሮ ታዘነብላለች። «ትራክተር ሰማሽ?» ትለኛለች። «አልሰማሁም» እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን እኔንም ይሰማኝ ነበር፤ ትራክተሩ ግን ሸራ ለብሶ መጠለያው ውስጥ ነው። ያኔ ብርድ ልብሴን እስከ አናቴ እከናነባለሁ። አባቴ አሁንም እዚያ ሣር ውስጥ አጎንብሶ ድንጋይ የሚያነሳ ይመስለኛል። ፈሪ ልጅ ነበርኩ፤ አድጌም አልተሻለኝም።

መሬቱን ማንም አልነካውም። መጀመሪያ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ክንድ የሚያካክሉ እሾሃማ ዛፎች አበቀለ። መሃሉ ላይ፣ አባቴ በወደቀበት አካባቢ፣ ይበልጥ ጥቅጥቅ አሉ። ጎረቤት ስለዚህ ያላወራው የለም። እኔ እዚያ ቦታ ውሃ ስለሚተኛ ነው እላለሁ፤ ግን በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ብቻዬን አላልፍበትም።

ዘንድሮ እማዬ ምሳ ላይ ድንገት «ያ መሬት ይመንጠር» አለች።

የአጎቴ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። «ሰው ልፈልግልሽ እትዬ?»

«አንተ ነህ የምትመነጥረው።»

እኔ ልታዘራው መስሎኝ ደስ አለኝ። የዋህ ነኝ።

ትራክተር ላይ የሚገጠም ዕቃ የሚሸጠውን ሰው «መሃንዲሱ» ይሉታል፤ መሃንዲስ ሆኖ ሳይሆን ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ ስለማይጠፋ ነው። እማዬ ሳትጠራ አብራን ሄደች። ግቢው ዝገትና የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። መሃንዲሱ በቀጥታ ወደ አንድ ሰፊ ብረት ወሰደን፤ ሥሩ የሚሽከረከር ስለት አለው።

«ለትንንሽ ዛፍ ከዚህ የተሻለ የለም» አለ። «ከኋላ ይገጠማል። ትራክተሩ ዛፉን እያጎነበሰ ያልፋል፣ ይሄ ተከትሎ ይከትፈዋል። ሳያስቡት ይጨርሳሉ፣ ጋሼ።»

«ጉቶውስ?» አለ አጎቴ።

«ጉቶው ይቀራል። መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ያኔ እርስዎም መልሰው ወደ እኔ ይመጣሉ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ።

እማዬ ወደ ብረቱ ጠጋ አለች። «ይሄ ሲሠራ ሹፌሩ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ኋላ ነዋ፣ እናቴ። ስለቱ ድንጋይ እንዳይመታ፣ እንጨት እንዳይሰነቀርበት ዓይኑን አይነቅልም።»

«ፊት ለፊቱንስ?»

«አልፎ አልፎ ገልመጥ ይላል እንጂ ምን ያደርጋል? ያለው አንገት አንድ ነው።»

አጎቴ ግን ራቅ ብሎ ሌላ ነገር ላይ እጁን አሳርፎ ነበር፤ መንጋጋ የመሰለ ወፍራም ብረት። ከትራክተሩ ፊት ይገጠማል፤ ግንዱን ከታች ነክሶ በሃይድሮሊክ ወደ ላይ እየሳበ ከነሥሩ ይነቅላል።

«ይሄን ስጠኝ» አለ።

«እሱ እኮ አንድ በአንድ ነው የሚነቅለው፣ ጋሼ። እያንዳንዷን ዛፍ እንዴት ዋልሽ እያሉ ሲነቅሉ ክረምቱ ከች ይልብዎታል።»

«ይምጣ። ፊት ለፊቴን እያየሁ የምሠራበት ነው የምፈልገው።»

መሃንዲሱ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ። እማዬ አጎቴን ታየው ነበር፤ ዓይኗን ሳትሰብር ስታየው ያኔ ገና ማየቴ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ «ይችላል ማለት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«አባትሽን ላያየው ይችላል።» ትንሽ ሄደንም «ሊያየውም ይችላል» አለች።

መመንጠሩ ተጀመረ። አጎቴ እያንዳንዱን ዛፍ ከመንቀሉ በፊት ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። እኔ የተነቀለውን እየጎተትኩ እቆልላለሁ፤ እሾሁ እጄን ጨረሰው። ሥሩ ከአፈሩ ሲላቀቅ አሮጌ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። ወደ መሃሉ በቀረብን ቁጥር አጎቴ እየዘገየ ሄደ፤ አንዱን ዙር ጨርሶ ሌላ ይደግም ጀመር። እኔም ብሶብኝ ነበር፤ አባቴ የተቀበረው እዚያ እንዳልሆነ እያወቅኩ ዛፍ የተነቀለበትን ጉድጓድ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

መሃሉ ላይ የደረስን ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ከቤት ወጣች። ምግብ ይዛልን የመጣች መስሎኝ ነበር፤ እጇ ባዶ ነው። በወዲያ በኩል ዞራ ከዛፎቹ መካከል ገባችና ፊቷን ወደ ትራክተሩ አድርጋ ቆመች። አረንጓዴ ሹራቧ ከቅጠሉ ጋር ተመሳሰለ። አጎቴ የነቀለውን አራግፎ ትራክተሩን በቀጥታ ወደ እሷ አዞረ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ትራክተሩ ቀጥ አለ። ገና ሩቅ ነበር። ሞተሩ ጠፋ።

«እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ውጪ ከዚያ» አለ አጎቴ።

«አየኸኝ?»

«አየሁሽ እንጂ።»

«ያን ቀን ወዴት ነበር የምታየው?»

ያን ሁሉ ዓመት ታፍኖ የኖረው ጥያቄ እንዲህ ባጭሩ ወጣ። አጎቴ እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም።

«ወደ ኋላ» አለ።

«ማጨጃውን?»

አዎ ቢላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሷም አዎ እንዲላት ነበር የፈለገችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

«ማጨጃው ደህና ነበር» አለ አጎቴ። «አኩርፌው ነበር፣ እትዬ። ፊት ፊቴ ሲሄድ ጀርባውን እንኳ ማየት አስጠላኝ። እሱን ላለማየት ብዬ ነው የዞርኩት።»

እማዬ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አጎቴ ከትራክተሩ ወርዶ፣ ምንም ሳይዞር፣ እሾሁን በደረቱ እየጣሰ ወደ እሷ ሄደ። እኔም ሮጬ ደረስኩ።

«እሱም አኩርፎህ ነበር» አለችው። «ጠዋት ሲወጣ፣ ‹እሱ ቀድሞ ካልጠራኝ አልጠራውም› ብሎኝ ነው የሄደው። ትራክተሩ ሲመጣበት መስማቱ አይቀርም። አንድ ጊዜ ስምህን ቢጠራ…» አልጨረሰችውም። «ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለች። «የሞተ ሰው መክሰስ መስሎኝ። አንተን መጠርጠር ቀለለኝ።»

አጎቴ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያን ቀን ሌላ ዛፍ አልተነቀለም።

አመሻሽ ላይ ሦስታችን ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። ትራክተሩ ሜዳው ላይ እንደቆመ ነው፤ ቁልፉ ከዳቦው አጠገብ ተቀምጧል። እማዬ እንደ ልማዷ እጇን ከሳህኑ አንስታ ጆሮዋን አዘነበለች።

«ትራክተር ሰማሽ?»

የተለመደውን ውሸቴን ልመልስ ስል አጎቴ ቀደመኝ።

«እኔ እሰማዋለሁ፣ እትዬ» አለ። «ሁልጊዜ።»

እማዬ ቁልፉን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ዛሬ ሌላም ድምፅ አለበት» አለችው። «ስምህን እየጠራ ነው።»

እኔ የሰማሁት ሞተሩን ብቻ ነው። አጎቴ ግን ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ የጓሮውን በር ከፈተና ደፉ ላይ ቆመ።

«አቤት፣ ወንድም ጋሼ» አለ።