ቱሪ፣ ድንቹ ገና ነው

ድንችና ካሮት መጥበስ ያስተማሩኝ፣ ቡራዩ ላይ ቤት ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው፤ ያስተማሩኝም እየተቆጡ ነው። ከሆሳዕና መጥቼ ፋብሪካ እንደገባሁ፣ ምግብ ማለት ለእኔ ሰርቪስ ሳይመጣ የሚጎረስ ነገር ነበር። እሳቸው ግን አትክልቱን ወፈር ወፈር አድርገው ይከትፉና በዘይት፣ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽተው ብረት ድስት ውስጥ ይደረድሩታል። ከሥር ከሰል፣ ክዳኑ ላይ ፍም። ከዚያ መጠበቅ ነው። እኔ መጠበቅ የት አውቄ! ክዳኑን ላነሣ እጄን ስሰድ በማማሰያ ጫፍ መታ ያደርጉኛል።

«ቱሪ!» ይላሉ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እናንተ ጴንጤዎች፣ ጸሎት ላይ ያላችሁ ትዕግሥት ድንች ላይ ሲደርስ የት ይገባል?»

የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ «ቱሪ»ን የድስት ቃል አደረግኳት፤ ገና ነው፣ አትክፈቺው፣ ከሥሩ ያዝ ያድርገው። ሁለት ዓመት በዚያው ትርጉም ኖርኩ። ማንም አላረመኝም፤ ድንቹ ላይ ልክ ነበርኩ።

አምና በጾሙ መካከል ድንገት ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ፣ ያ እንደ ውኃ የሚፈስ አማርኛቸው ጠፍቶ ነበር። የቀረቻቸው ትንሽ ኦሮምኛ ናት። ምግብም እምቢ አሉ። ሱሉልታ ያገባችው ልጃቸው በየቀኑ እየመጣች አጥሚት ብታቀርብላቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። አንጀቴን በሉት። አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ያንኑ ድንችና ካሮት በራቸው ላይ ጣድኩ። ሽታው ሲደርሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ። አንዷን ድንች አድቅቄ በማንኪያ ሰጠኋቸው፤ ዋጡ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወዲያው የሰርቪሱ ጥሩምባ ጮኸ። ስነሣ በደህናው እጃቸው ሹራቤን ያዙኝ፣ አጥብቀው።

«ቱሪ» አሉ።

ሣቅኩ። «እማማ፣ በስሏል እኮ! አውጥቼዋለሁ፤ ይኸው እየበሉ አይደል?»

«ቱሪ» አሉ ደግመው።

እኔ ጅሏ ባዶውን ድስት አዘንብዬ አሳየኋቸው። ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቅቄ፣ «ልጅዎ መንገድ ላይ ናት፣ አሁን ትደርሳለች» ብዬ ሮጥኩ።

ከሰዓት ስመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። ልጃቸው ስትደርስ አልፈው ነበር። አጠገባቸው ሰው አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ልጅቷን አጽናናለሁ ብዬ ያን ጠዋት አወራሁላት። መብላታቸውን ነገርኳት፤ እስከ መጨረሻው ስለ ድንቹ ሲጨነቁ «ቱሪ፣ ቱሪ» እንዳሉኝም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ስለ ድንቹ አይመስለኝም፣ እህቴ» አለችኝ። «ቱሪ ማለት ቆዪ ማለት ነው። አትሂጂ ነው ያሉሽ።»

አንዲት ቃል እንዲህ ታቃጥላለች? ቃሏን እኮ አውቃት ነበር፤ እኔው ነኝ ድስት ውስጥ ከድኜ ያስቀረኋት።

አሁንም እሑድ እሑድ እጠብሳለሁ። ክዳኑን ሳልነካ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እዚያ ፋብሪካ ስሠራ ሰርቪሱ ስንቴ ጥሎኝ ሄዷል፤ ስንቴስ አልቅሻለሁ። ያን ቀን ግን ደረስኩበት።