የማይከፈተው ፎቶ

ሰፈሩ «ሳሙና» ይለዋል፤ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ፎቶ ቤት ከከፈተ ጀምሮ ያልጸዳ ፊት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ብጉር፣ ማድያት፣ የዓይን ሥር ጥቁረት፣ ምን አለፋችሁ፣ ደንበኛው ባያዝዘውም በኮምፒውተሩ ጠርጎ ይሰጣል። ለመታወቂያ የተነሱ አንድ ሽማግሌ «ይሄ የልጄ ነው፤ የኔን ስጠኝ» ብለውት፣ ሰፈሩ ሲስቅበት ከርሟል።

የድሮ ፎቶም ይቀበላል። በስካነር አንስቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጥና «ወረቀትን አይጥ ይበላዋል፤ ይሄንን ግን ማን ይበላዋል?» ይላል። እህቱም የሟች ልጇን ፎቶ ያመጣችለት ይህን አምና ነው። ልጅቷ በሕፃንነቷ ነው ያረፈችው፤ ከዚያ ፎቶ ሌላ የላትም። በኋላ ጣሪያው አፍስሶ ወረቀቱ ሲበላሽ እንኳ «ግድ የለም፣ ወንድሜ ጋ አለ» ብላ ተጽናናች።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ሞተ። ፎቶዎቹ ፍላሽ ላይ ስለተገለበጡ ተርፈዋል። ችግሩ ከስካነሩ ጋር የመጣው ፕሮግራም ፎቶ የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ፋይል መሆኑ ነበር። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ አዳዲሶቹ ፕሮግራሞችም ያንን ዓይነት መክፈት ትተዋል። «ይህ ፋይል አይታወቅም» ይለዋል ስክሪኑ። ሳሙና ብልሃት ያገኘ መስሎት ከፋይሎቹ ስም መጨረሻ ያለውን ጭራ በአዲሱ ዓይነት ጭራ ቀየረው። ጭራዋን ስለቀየሩላት በቅሎ ፈረስ አትሆንም፤ ፋይሉ አሁንም እምቢ አለ።

እህቱን ዛሬ ነገ እያለ ማመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን መጥታ ደንበኞች የሚነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አጥበህ ባትሰጠኝም ግድ የለም። እዚሁ አንዴ ልያት።»

«ምን አስቸኮለሽ፣ እትዬ?»

«ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አልነበራት? መራመድ ስትጀምር ደረጃው የመታት። እሱን እየዳበስኩ ነበር የማስተኛት። ሰሞኑን በቀኝ ይሁን በግራ ጠፋኝ። እናት ሆኜ ይሄ ይጠፋኛል?»

እሱም አላስታወሰም። አፈረ፤ የሞተውን ኮምፒውተር በጨርቅ መወልወል ያዘ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቱ ያለችውና ችግሩን የነገራት ኮምፒውተር ጠጋኝ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ያ ጉደኛ ፕሮግራምህ ተገኘ። ለዕቃ ልፈታው ብዬ ከገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

ደስታው ልክ አጣ። መጀመሪያ ከፍቼ ልየው እንኳ አላለም፤ ወዲያው እህቱን ጠራት። ልብስ እያጠበች ነበርና እጇ ሳይደርቅ ደረሰች።

ፍላሹን የሰካበት የጠጋኟ ማሽን አዝጋሚ ነው። ፎቶው ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ይወርዳል። ፀጉሯ መጣ፤ ሪባኗ መጣ። እህቱ ትከሻውን ጨመቀችው። ግንባሯ መጣ፤ ቅንድቦቿ መጡ።

«አጉላው» አለችው።

አጎላው።

«ጨምር።»

ጨመረ። ቅንድቦቹ ትንንሽ ካሬ እስኪሆኑ ድረስ ጨመረ። ሁለቱም ላይ ምንም ጠባሳ የለም። ሳሙና የገዛ እጁን ሥራ የት ቢያየው ያውቀዋል። በጉብዝናው ዘመን ማንም ሳያዝዘው ጠባሳውን ጠርጎ፣ በላዩ ቅንድብ ሞልቶ፣ ያንኑ አስቀምጦታል። በየትኛው በኩል እንደጠረገ የሚያሳብቅ ነገር ቢፈልግ አጣ፤ ያን ያህል አጥርቶ ነው የሠራው። ጠባሳውን መልሶ መሳል ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን የት ላይ ይሳለው?

«እትዬ» አለ። «እኔ ነኝ። ያኔ... ያሳመርኳት መስሎኝ ነው።»

እህቱ አልተቆጣችውም። እርጥብ ጣቷን አንዱ ቅንድብ ላይ አሳረፈች፣ ቀጥላም ሌላው ላይ።

«እሺ አንተው ንገረኛ» አለችው። «የቱ ጋ ነበር የጠረግከው?»