ሰባት አውራ ጣት

ያን ማመልከቻ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው ብዬ ራሴን ላሞኝ ለዓመታት ሞክሬ አልሆነልኝም። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ከእኛ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እንደወጣ ያውቃል፤ በዚያች መኪና ላይ የምትቀመጥ ደግሞ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ደባርቅ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ክረምት ሲሆን ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ አልጋዬ ላይ የሚቀመጥባት ክፍል። ጎረቤቶቼ ደህና ሰዎች ነበሩ፤ ግን እኔ ብቅ ስል ጨዋታቸውን ያቆማሉ፣ የመንግሥት ሰው ነኛ። ቢሮ ስገባ ደግሞ «የባላገር ልጅ» ነኝ፤ አነጋገሬን እየቀዱ ይስቁብኛል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን በላሁ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በኋላ ለሠራሁት ነገር ሰበብ ይሆነኝ እንደሆነ እያየሁ ነው እንጂ።

እናቴ የምትኖረው ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጡ፣ ከዋናው መንገድ ግማሽ ቀን በእግር ቁልቁል በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቴ የሞተው እኔ ጥርሴን ሳልነቅል ነው። የእሷ አባት ያወረሳት ጥሩ የገብስ መሬት ነበራት፤ ለእኩል ትሰጥና አራሹ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ይሰጣታል፤ እኔንም ያስተማረችኝ በዚያው ነው። የመሬት አዋጁ ከታወጀ ከስንት ጊዜ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም መሬቱ ተሸነሸነ። ባል ላላት በባሏ፣ ወንድ ልጅ ላላት በልጇ ስም ተሰጠ። ወንድ የሌላቸው ሰባት ሴቶች ግን ከጓሯቸው በቀር አንድ ትልም ሳይደርሳቸው ቀረ። ሄደው ሲጠይቁ ሊቀመንበሩ፣ «መሬት ለአራሹ ነው የተባለው። እናንተን ማን ያርስላችኋል? ሴት እርፍ አትይዝ!» አላቸው።

እውነቱን ነው፣ በእኛ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፣ ከወንዱ እኩል ወገቧ እስኪቀነጠስ ትሠራለች፤ እርፍ ግን አትነካም። ሴት እርፍ ከጨበጠች ሰማይ ይቆጣል ይባላል። ትንሽ ልጅ ሆኜ የተጋደመ ሞፈር ተራምጄ በማለፌ የአጎቴ ሚስት በኩርኩም ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንድ የገበያ ቀን ሰባቱም ክፍሌ ድረስ መጡ። እናቴ ከፊት፣ ስድስቱ ከኋላ። ሁለቱን አልጋዬ ላይ፣ ሌሎቹን መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ያች ክፍል ያን ያህል ሰው ይዛ አታውቅም፤ ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

«መንግሥት አቤቱታ ይሰማል አሉ። አንቺ ደግሞ ጻፊ ነሽ። ጻፊልን፣» አለች እናቴ።

ከመካከላቸው ትልቋ፣ ዓይናቸው የደከመ ባልቴት፣ አልጣማቸውም። «ኧረ ተይ እቴ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ንጉሡ እኮ ወርደዋል፣ እማማ፣» አልኳቸው።

«ሰማዩ ግን እንዳለ ነው፣» አሉኝ።

ሳቅን። ከዚያ እናቴ የሚጻፈውን ነገረችኝ፤ አጭር ነበር። መሬታችንን ይመልሱልን። ድሮም እንደምናደርገው አራሽ ሰው ይዘን እናሳርሳለን። ግብሩንም እንከፍላለን። የሚያርስ ክንድ ስለሌለን አፍ የለንም ማለት አይደለም። ይኸው ነው።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ሰው ሳይገባ ወረቀት አጎረስኩና መተየብ ጀመርኩ። «አራሽ ሰው ይዘን» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። በዚያ ቢሮ ሰው ቀጥሮ ማሳረስ ማለት ብዝበዛ ነው፤ በየስብሰባው የምንሰማው እሱን ነው። ይሄን ካነበቡ ይስቁባቸዋል፣ ወይም ባላባት ይሏቸዋል አልኩ። ለእነሱ አስቤ ነው። ለራሴም አስቤ ነው፤ የባላገር ልጅ የጻፈችው እንዳይባል። እሱን አውጥቼ በምትኩ ይህን ከተትኩ፦ «እኛ ጭቁን ሴቶች ከወንድ ጓዶቻችን እኩል እርፍ ጨብጠን ለማረስ ዝግጁ መሆናችንን እናረጋግጣለን።» ከታች መፈክሩን ጨመርኩ። ሳነበው አማረልኝ። እንዲህ ያማረ ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው ሲመጡ አነበብኩላቸው። እንደ ልማዴ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ አለፈ፣ አፌ ዘለላት። ከቢሮ ያመጣሁትን የማኅተም ቀለም ከፈትኩ። ሰባት አውራ ጣት ተራ በተራ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የመጀመሪያው የእናቴ ነበር። ባልቴቷ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «በይ እንግዲህ፣ አምላክ ያንቺን እጅ ይባርክ፣» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሰነበተና ካድሬው እጅ ገባ። ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ወጣት፣ ጉሮሮው የማይደክም ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ያችን የእኔን ዓረፍተ ነገር ስብሰባ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበባት። «ታያላችሁ? ንቃት ማለት ይሄ ነው!» አለ። ከዚያም ቀን ቆረጠ፤ እቦታው ድረስ ሄዶ ሴቶቹ ሲያርሱ ሊያይ፣ የሚያርሱትን እዚያው መሬት ሊያሰጣቸው። እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ።

ሁለት ቀን ነበረኝ። ካድሬው ዘንድ ገብቼ፣ «ጓድ፣ እሷን መስመር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤» ማለት እችል ነበር። በሩ ድረስ ሁለቴ ሄጃለሁ። ግን በዚያ ዘመን ለአንድ ቃል ሰው ከሥራው ብቻ አልነበረም የሚነሳው። ፈራሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በወረቀት የወጣውማ የት ይደረስበታል?

ግንቦት ነበር፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ረጠብ ብሏል። መኪናዋን ዋናው መንገድ ላይ ትተን በእግር ወረድን። ስንደርስ የቀበሌው ሰው ሁሉ ከእርሻው ዳር ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሁለት በሬ ጠምዶ፣ ሞፈርና ቀንበሩን አሰናድቶ፣ ጅራፉን በእጁ ይዞ ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ያለችውን ፈገግታ አሁንም ሳስባት ያበሽቀኛል። ሰባቱ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ለብቻቸው ቆመዋል፤ መሬት ሊሰጠን ነው ተብለው ነዋ የመጡት።

ካድሬው ማመልከቻውን ዘርግቶ አነበበ። ያችን መስመር ሲያነብ እኔ ደብተሬን አየሁ።

የባልቴቷ ድምፅ መጣ። «ጓድ ጌታዬ፣ ከእኛ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣም።»

«ጌታዬ አትበሉኝ፣ እናት። ጣታችሁ አለበት እኮ!» ወረቀቱን አሳያቸው። «እናንተ ካላላችሁ ታዲያ ማን ነው ያለው?»

ስድስቱ ሴቶች ማን እንደጻፈው ያውቃሉ። አንዳቸውም ወደ እኔ አላዩም፤ ያን አልረሳላቸውም። ያየችኝ እናቴ ብቻ ናት። ለአፍታ ነው ያየችኝ፣ ዕቃ አስቀምጦ ቦታውን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«እኔ ነኝ ያልኩት፣» አለች።

ሊቀመንበሩ ፈገግታው ጠፋ። ጅራፉን ከእጁ ተቀበለችው። እርፉን ጨበጠች።

በሬዎቹ መጀመሪያ አንነቃነቅ አሉ፤ የሴት ድምፅ አያውቁም። ኋላ ተንቀሳቀሱ። ማረሻው አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ ይወጣል፤ ፈሩ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ። እሷም እርፉ ላይ ተንጠልጥላ፣ አንዴ በጉልበቷ ወድቃ ተነስታ፣ እስከ ድንበሩ ሄደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። እልል ያለ የለም። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። የነፍስ አባቷ የሆኑት ቄስ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ ሄዱ። ካድሬው ብቻ አጨበጨበ። በዚያ ሜዳ ላይ የአንድ ሰው ጭብጨባ ምን ያህል ያስጠላ እንደነበር።

«ቀጣይዋ!» አለ።

ቀጣይ አልነበረችም። ስድስቱ ባሉበት ቆሙ። እኔም በደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ አንዷ ዝግጁ ሆና ተገኝታለች፣ ስድስቱ ዝግጁ ሆነው አልተገኙም። ለእናቴ ተሰጣት፤ ያውም የአባቷ መሬት አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ጭንጫ ነው። ለስድስቱ ምንም።

በዚያ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በረዶ ወረደና የቀበሌውን ገብስ አነጠፈው። በእኛ አገር በረዶ በየጊዜው ይወርዳል፤ እናቴ ሳትወለድም ይወርድ ነበር። ግን ሰበብ የተገኘ ዕለት ሰው ትዝታው አጭር ነው። በወር በወሩ ይሰበሰቡበት ከነበረው የማርያም ማኅበር ተራዋን ዘለሏት፤ ውጪ አላሏትም፣ ዝም ብለው ዘለሏት። ውኃ ስትወርድ የወረዱት ቀድመው ይመለሳሉ። ስድስቱ ደግሞ ለራሷ ብላ አዋረደችን አሉ። አራሽ ብትለምን፣ «አንቺው ታርሺ የለ?» አሏት። እናም ያን ጭንጫ ራሷ አረሰችው፣ በዚያኛውም ዓመት፣ በሚቀጥለውም።

በገበያ ቀን እየመጣች እኔ ክፍል ትቀመጥ ነበር። መዳፏ ተሰነጣጥቆ ቅቤ እቀባላታለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አትናገርም። እኔም አልጠይቃትም። ሁለት ሰዎች ሆነን ብቻችንን እንቀመጣለን።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ለገበሬ ማኅበራት የሚበተን የመሬት አዋጁን ቅጂ እንዳባዛ ታዘዝኩ። ሰው ቀጥሮ ማሳረስ ክልክል ነው የሚለው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። እሱን አውቀዋለሁ። ከሥሩ ያለውን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ክልከላው ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት አይመለከትም ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ከመጀመሪያውም ይፈቅድላቸው ነበር። እናቴ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብላ ያለችኝ፣ እኔ አፍሬበት ያወጣሁት፣ ያ አጭር ነገር፣ ሕግ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ያየኝም «ባላገሯ ናፍቆት ያዛት» ብሎ አለፈ።

ያን ሳምንት አዲስ ማመልከቻ ተየብኩ፤ ቃላቸውን እንዳለ፣ አንቀጹን ጠቅሼ፣ ምንም ሳልጨምር። ወረቀቱንና ቀለሙን ይዤ ወረድኩ። ከቤት ቤት ዞርኩ። ስድስቱም አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ጠላም ቀዱልኝ፤ የአገራችን ሰው አኩርፎም ደጅ አያቆምም። ጣታቸውን ግን አልሰጡኝም። ባልቴቷ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገብተው፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ የሰጠሁሽን ጣት መች መለስሽልኝና?» አሉኝ።

የቀረችው እናቴ ናት። መሬት ያላት እሷ፣ መሬት ለሌላቸው ልትፈርም። በአንዲት ሴት ጣት ለስድስት ሰው አቤት የሚል ወረቀት የት ይደርሳል? የትም አልደረሰም። ከደባርቅ እስክዛወር ድረስ መልስ አልመጣም።

ያን ቀን ግን ደጃፏ ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀመጥን። ከወዲያ በጭንጫው ላይ የእሷ ትልም ይታያል፤ ቀና ብሏል፣ እንደማንም ወንድ ትልም። ማመልከቻውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። ስጨርስ ቀለሙን ከፈትኩ። አውራ ጣቷን ነከረችና ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፈው አቆመችው።

«አሁን አልዘለልሽም፣» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ያን ጊዜ ጣትሽ ሲሄድ አፍሽ ቆሞ ነበር። ፊደል አላውቅ እንጂ ዓይን አለኝ።»

«ካየሽ ታዲያ ለምን ጣትሽን አሳረፍሽ፣ እማዬ?»

«የዘለልሽው ምን እንደሆነ መቼ አወቅሁ?» አለችና አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጫነችው። «ልጄ እንደሆንሽ ነው የማውቀው።»