ከበሩ በላይ ያስቀመጥኩት መፈክር

ባለፈው ዓመት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ ድረስ መጣች። የሴቶች ትግል በሰልፍ መፈክሮች ላይ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች እየሰበሰበች ነበር። የሐረሩን ስትፈልግ ያገኘችው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ልኳታል። እኔም በኩራት አልበሜን አውጥቼ ያለኝን አንድ ፎቶግራፍ ሰጠኋት። ንጉሡ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ በተደረገ ሰልፍ የተነሳ ነው። ከፊት ወንዶች አሉ። ከወንዶቹ ኋላ ሌሎች ወንዶች አሉ። በቀኝ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሳያስበው ያስገባው የእኔ ክርንና የአንድ ጨርቅ ጫፍ ይታያል። ልጅቷ አገላብጣ አየችውና «ክርንዎ በደንብ ወጥቷል» አለችኝ። ወዲያው ወደድኳት።

ጨርቁ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ጠየቀችኝ። «የሴቶች ጥያቄ የሰፊው ጭቁን ሕዝብ አጠቃላይ ጥያቄ የማይነጠል አካል ነው» ይላል። ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ እኛ አልፈን ሄደን ነበር። ያረቀቀልን የተማሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ በእርግጥ ወንድ ነው፤ ኮሚቴው ሌላ ዓይነት ሰው አልነበረውም። ስለ ሴቶች ጭቆና ሊያስረዳን በተሰበሰብን ቁጥር እህቱ ሻይ ቀድታ፣ ስኳር አማስላ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ትወጣለች።

እኛ ራሳችን የጻፍነው ሌላ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ። እሱ ሰልፍ አልወጣም። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ አንድ ቤት ቀረ፤ የቀረውም በእኔ የዕውቀት ብዛት ነው።

እኛ ማለት እኔና ጓደኛዬ ነን። ሁለታችንም አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን። እሷ የጀጎል ልጅ ናት፤ አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እኔ ደግሞ አያቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር በመሆኑ ከግንቡ ውጭ፣ ከሸዋ በር አለፍ ብሎ ተወለድኩ። ጓደኛዬ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም እንደ ሁለቱ ታላላቅ እህቶቿ ትምህርቷን ሳትጨርስ መዳር። እነሱ ከዘጠነኛ ክፍል ነው የወጡት፤ ምን ይመስላችኋል ያላቸው ሰው አልነበረም። የእኛ ቤት በዚህ ረገድ የሠለጠነ ነበር እንዳልል፣ ታላቅ እህቴ እንደምትዳር ያወቀችው ልብስ ሰፊው ሊለካት ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሜትር አቡጀዲ ገዛንና እኛ ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ በቀይ ቀለም «ሳንጠየቅ አንዳርም» ብለን ጻፍን። ሊቀመንበሩ ሰምቶ «ጠባብ ጥያቄ ነው» አለን። ሰፊውን እሱ ስለያዘው ለእኛ ጠባቡ መድረሱ ተገቢ ነው አልን።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ጨርቁን ቢያገኙት መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ያቃጥላሉ። ሰልፉ እስኪደርስ ጓደኛዬ ቤት እንዲቆይ ተስማማን። እሷ አክስቷን ልትጠይቅ ለሦስት ቀን ድሬዳዋ ሄዳ ስለነበር ማድረሱ የእኔ ሥራ ሆነ። ሸዋ በር ላይ ፖሊሶች የወጣቱን ቦርሳ ይፈትሻሉ። እኔ ጨርቁን በአሮጌ ምንጣፋችን ጠቅልዬ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሰላምታ ሰጥቻቸው አለፍኩ። ምንጣፍ የተሸከመች ልጃገረድ መንግሥት ትገለብጣለች ብሎ የሚጠረጥር ፖሊስ የለም።

የጓደኛዬ እናት ከጓሮ ማድ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ እጃቸው ሊጥ ነክቷል። «ለልጅዎ አደራ ይዤ ነበር» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «የተመቸሽ ቦታ አኑሪው፣ ልጄ» አሉኝ። ወደ ትልቁ ክፍል ገባሁ። በቀይ አፈር የተለሰነው ነደባ፣ ማለትም እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ ሰፌዱና ሳህኑ በየተራው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለባዕድ ዕቃ የሚሆን ቦታ የለም። ከበሩ በላይ ግን የእንጨት መደርደሪያ ባዶውን ተቀምጧል። ለጥቅል ምንጣፍ ተብሎ የተሠራ ይመስላል ብዬ አሰብኩ። ለጥቅል ምንጣፍ ተብሎ የተሠራ ነበር። በርጩማ ላይ ወጥቼ አስቀመጥኩትና ደህና ዋሉ ብዬ ሄድኩ።

ጀጎል ውስጥ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከበር በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። በሩ ቀን ቀን ክፍት ስለሚውል ያለፈ ሁሉ ያየዋል። እኔ ከግንቡ ዐሥር ደቂቃ ርቄ ያደግኩ፣ የጀጎልን ሴት ነፃ ስለማውጣት በስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት የተናገርኩ፣ ከጓደኛዬ ቤት ጓሮ አልፌ ገብቼ አላውቅም ነበር።

እናትየው እኔ ምን ይዤ እንደገባሁ ስላላዩ፣ ምንጣፉን ሲያዩ ባለቤታቸው ያስቀመጡት መሰላቸው። ከዚህ በፊትም ሁለቱን ታላላቆች ሲድሩ ሳያማክሯቸው ወስነዋልና ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው ዝም አሉ። አባትየው ደግሞ ሚስቴ አንድ ነገር ሰምታ ይሆናል፣ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው ዝም አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ተኳርፈው ዋሉ። ጎረቤቱ ግን ሥራ አልፈታም።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ተመልሳ አብረን ጨርቁን ልንወስድ ስንመጣ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከላይኛው ነደባ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጓደኛዬ ደፍ ላይ ቆማ ቀና አለች። የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኛ» አልኳት፣ ለምስጋና ተዘጋጅቼ።

በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳችኝ። ጓደኛዬን ከትምህርት ቤት በገዛ እጄ አስወጣኋት ብዬ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

የሽማግሌዎቹ ንግግር በሐረሪ ቋንቋ ስለሆነ ጓደኛዬ በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ጀመር። ምልክቱን አይተን መጣን፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ኤረር በር አጠገብ የራሱ ሱቅ አለው፤ ይላሉ። አባትየው «ማሻአላህ» ብለው አገጫቸውን ነካኩ። ቀጥሎ እሺ እንደሚሉ ከፊታቸው ያስታውቃል። ጓደኛዬ መተርጎሟን አቆመች።

እኔ ሌላ ብልሃት አልነበረኝም። በርጩማውን ጎትቼ ወጣሁና «ይቅርታ፣ ይሄ የእኔ ዕቃ ነው» ብዬ ምንጣፉን ሳብኩት። መሐሉ የተበሳው ምንጣፋችን መሬት ወደቀ፤ አቡጀዲው ተፈትቶ በአንደኛው ሽማግሌ ጉልበት ላይ ተዘረጋ።

ሽማግሌዎቹ ዐረብኛ እንጂ የአማርኛ ፊደል አያነቡም። ምን ይላል ብለው አባትየውን ጠየቁ። እሳቸው የንግድ ፈቃዳቸው በአማርኛ ስለሚመጣ ያነባሉ። ሌላ ነገር ሊሉ አስበው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ግን ማንበብ የምትችል ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ቆማለች። አንብበው በቋንቋቸው ተረጎሙት፤ ጓደኛዬም በጆሮዬ መተርጎሟን ቀጠለች።

እናትየው ከጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር። «ድገመው» አሉ። ባልየው ደገሙት።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ እናትየው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያ ጊዜ ሌላ ነበር» አሉ በለዘበ ድምፅ።

«ጊዜው ሄዷል። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።»

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ልጃቸው ዞረው ምን ትያለሽ አሏት። «አስራ ሁለተኛን ልጨርስ» አለች መሬት መሬት እያየች። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። «ኢንሻአላህ ትጨርሻለሽ» ብለው መርቀዋት ተነሱ፤ አባትየውም ሊሸኟቸው ወጡ። እኔ ጨርቁን ልሰበስብ ስል የእናትየው እጅ ቀደመኝ።

«ይሄ እዚህ ይቆይ» አሉኝ በአማርኛ። «ለሰልፋችሁ ሌላ ጻፉ።»

የሊቀመንበሩ ረጅም ዓረፍተ ነገር ፈረስ መጋላ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አባትየው ተመልሰው ሲመጡ ሽማግሌዎቹ የተነሱበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። አምስት ልጅ የወለዱላቸውን ሚስታቸውን ማየት ትተው ግድግዳ ግድግዳ እያዩ አንድ ነገር ጠየቁ። ጓደኛዬ አፏን በእጇ ሸፍና ተረጎመችልኝ፤ «ያኔ ጠይቄሽ ቢሆን እሺ ትይኝ ነበር?» ነው ያሉት።

እናትየው ጨርቁን አራት ቦታ አጠፉት፤ በመዳፋቸው ደልድለው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ላስብበት» አሏቸው።