ቀለም የማይቀቡት አናጢ

አብዮቱ በመጣ በስድስተኛው ዓመት፣ ዘሙሩድ የካ ያለውን የቀበሌ ቤቷን ከአንዲት ሴት ጋር ልትለዋወጥ ተስማማች። የመሀል ምሰሶው መበስበሱ እንዳይታወቅባት አናጢ ጠራች። የመጡት ሽማግሌ ሱሪያቸውን በገመድ የታጠቁ፣ ደልዳላ መሬት ላይ እንኳ እግራቸውን ከፈት አድርገው የሚራመዱ ሰው ነበሩ። ምሰሶውን አንኳኩተው ጆሯቸውን ለጠፉበት። በመሮ ጫፍ ቢነኩት እንጨቱ ረገፈ።

«የበሰበሰውን ቆርጬ ደህና እንጨት ልቀጥልበት። ሁለት ቀን ይበቃኛል» አሏት።

«አይ አባባ፣ በጭቃ ይምረጉትና ቀለም ይቀቡልኝ። ሴትዮዋ ነገ ልታየው ትመጣለች።»

ሽማግሌው መሯቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ፣ «ምጽዋ የጀልባ አናጢ ነበርኩ» አሉ። «ያንድ አሮጌ ሳንቡክ ጀልባ የጎኑ እንጨት ውስጥ ውስጡን በስብሶ ሳለ፣ ባለቤቱ ቸኩሎ ዝም ብለህ ቀባው አለኝ። ቀባሁት። ሸራውን ወጥሮ ሲሄድ እጄን አውለብልቤ ሸኘሁት። አምስት ሰው ነበረበት፤ አንዱም አልተመለሰ።»

የዘሙሩድ ፊት ጋለ። «እንግዲያው ይቁረጡት» አለች ቀስ ብላ።

«ለመሆኑ እዚህ ቤት የሚገቡት ስንት ናቸው?» ሲሉ ጠየቋት።

ሴትዮዋ የስድስት ልጆች እናት መሆኗን ታውቃለች፤ መሮውን አንስታ በእጃቸው አስያዘቻቸው።