በቁልፍ የምትከፈት ምድር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ይህ ግን በገዛ እጄ የሠራሁት ነገር ስለሆነ ልጽፈው ፈለግሁ።

የምተዳደረው በኪሮሽ ነው። የጠረጴዛና የሶፋ ልብስ እየሠራሁ ጦር ኃይሎች አካባቢ ላሉ ሱቆች አስረክባለሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። እህቴ ዓይነ ስውር ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ትማራለች።

አንድ ቀን ተናዳ መጣች። የሳይንስ አስተማሪያቸው የምድርን ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሥለው ሲያስረዱ፣ እሷን “አንቺ ሥዕሉን እለፊው፤ ስሞቹን ብቻ ያዢ” ብለዋታል።

“ስሞቹንማ ይዣለሁ” አለችኝ። “ቅርፊት፣ ማንትል፣ ውጫዊ እምብርት፣ ውስጣዊ እምብርት። ግን እንዴት ነው የተቀመጡት? ጎን ለጎን ነው? ሁሉም አይቶት እኔ ብቻ ልለፈው?”

የሳይንስ መጽሐፉን ተውሼ አነበብኩላት። ውስጣዊው እምብርት ጠጣር ብረት ነው ስለሚል፣ ሰፈራችን ካለው ጋራዥ ከተሰበረ የመኪና ኩሽኔታ የወጣ ድብልብል ብረት ለመንኩ። ውጫዊው የቀለጠ ስለሆነ ብረቱን ዘይት ባለበት ወፍራም ፌስታል ከትቼ ደጋግሜ ቋጠርኩት። ለማንትሉ፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ እሺ የሚል ስፖንጅ በዙሪያው ጠቀጠቅሁ። በመጨረሻ ቅርፊቱን እንደ ኳስ ክብ አድርጌ በኪሮሽ ሠራሁ። በየደረጃው እንዲከፈት የልብስ ቁልፍ ተከልኩበት።

ኪሮሽ ስንሠራ ጠርዙን ደርበን ነው የምንጨርሰው፤ ቶሎ የሚተረተረው እሱ ነዋ። ቅርፊቱንም እንደዚያው ደራርቤ አወፈርኩት። እህቴ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ሳቀች።

“እታለም፣ ይሄ ቅርፊት ነው ጋቢ? ምድር ይበርዳታል እንዴ? ከሁሉም ስሱ እሱ ነው እኮ!”

አፈርኩ። የሁለት ቀን ሥራዬን ፈትቼ በቀጭኑ ክሬ ሳልደርብ ነጠላ አድርጌ ሠራሁት። ኮንዶሚኒየሙም፣ ታክሲውም፣ እኛም እዚህ ስስ ክር ላይ ነን ማለት ነው ብዬ ሳስብ እጄ ቀስ አለ።

ስጨርስ ሰጠኋት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ስፖንጁን አልፋ ዘይቱ ጋ ስትደርስ ብረቱ ከጣቷ ሥር ሸርተት አለ። መልሳ ነካችው።

“አንዱ ባንዱ ውስጥ ነው!” አለች። “ለካ እንዲህ ነው!”

ትምህርት ቤት ወሰደችው፤ በማግስቱ አስተማሪው አስጠሩኝ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

“ግቢ እንጂ፤ የሠራሽው አንቺ አይደለሽ?” አሉኝ።

ተማሪዎቹን ሳላይ፣ ዓይኔን ኳሷ ላይ ተክዬ ከውጭ ወደ ውስጥ አስረዳሁ። ስጨርስ አንዲት ልጅ “ቲቸር፣ እኛም ዓይናችንን ጨፍነን እንንካው!” አለች። ተሰለፉ። እህቴ አጠገባቸው ቆማ “ቀስ! ገና ማንትል ላይ ነህ፤ አልደረስክም” እያለች ጣታቸውን ትመራለች። አስተማሪ መሰለችኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ አስተማሪውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ከተቱ። ብረቱ ሲንሸራተት ፈገግ አሉ።

“ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስሥለው ኖርኩ፤ በጣቴ የገባኝ ግን ገና ዛሬ ነው። ሰኞ ለሌላው ሴክሽን ነይልኝ፤ አንቺ ታስረጃለሽ፣ እኔ ከተማሪዎቹ ጋር እቀመጣለሁ።”