ግርዶሽ ቢሆን ኖሮ

በመስኮቴ መጋረጃ ላይ ያሉት አበቦች ወደ ታች እንደሚያድጉ ያስተዋልኩት ከተሰቀለ ከሰነበተ በኋላ ነው። ግንዳቸው ወደ ጣሪያ፣ ራሳቸው ወደ ወለል። ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበብ መስሎኝ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ሳደንቅ አመሸሁ።

የሰፉልኝ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ መጋረጃ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መስኮት ሲያለብሱ ኖረው የራሳቸውን ባዶውን ትተውታል። ለምን ሲባሉ፣ ብርሃን በነጻ የሚመጣ እንግዳ ነው፣ ደጅ አላስቆመውም ይላሉ።

በማግስቱ ስወርድ የመርፌውን ቀዳዳ በምላሳቸው ጫፍ ሲፈልጉ አየሁ። ጥበብ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ስለ አበቦቹ ትንፍሽ አላልኩም።

የዓይናቸውን ነገር ያነሱት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ጭጋግ ከለበሰ ቆይቷል፤ ጎረቤት ሁሉ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው ብሏቸዋል።

«አንተ የተማርከው የቃላት ነገር ነው። ይሄ ግርዶሽ ፀሐይን የሚይዛት አይደለም እንዴ? እኔ ቤት ምን ፍለጋ መጣ?»

ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። ቃሉ «ጋረደ» ከሚለው የወጣ ነው፤ መጋረጃም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ጨረቃ በመካከል ስትገባ ፀሐይ አንድ ፀጉሯ አይነካም፤ ተጋረደች እንጂ አልጠፋችም። ጨረቃዋ ስታልፍ እንደነበረች ናት።

የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሳቁ። «ታዲያ የኔው ሙያ ነዋ! ስሰቅል የኖርኩትን ማውረድ ያቅተኛል?»

ከዚያ ወዲህ ግርዶሽን እንደ ዘመድ ያነሱት ጀመር። ለደንበኛው ሁሉ ሐኪም ሊገልጥላቸው እንደሆነ ያወራሉ።

ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች ወደ ዓይን ሐኪም የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ወጣቷ ሐኪም በመብራት ደጋግማ አየቻቸውና ወንበሯን አስጠጋች። ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይገፈፍ ነበር፤ ይህ ግን ከዓይን ጀርባ ያለው ነርቭ ነው አለች። የሞተው አይመለስም። የምታዝላቸው ጠብታ የቀረችውን ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ያቆያት ይሆናል።

«ግርዶሽ አይደለም?» አሉ፣ እየለመኑ።

«አይደለም እናቴ። ምነው በሆነ።»

ስንወጣ ፀሐይዋ ሙሉ ነበረች። የማውቃቸውን ቃላት ሁሉ በረበርኩ፤ አንዱም ለዚህ አልተሰፋም። እሳቸው የሐኪም ቤቱን አጥር ግንብ ተደግፈው፣ «ገባኝ» አሉ። «መጋረጃው አይደለም። መስኮቱ ነው የተደፈነው።»

ክንዴን ዘረጋሁላቸው፤ አልያዙትም።

«ያንተ አበቦች ተዘቅዝቀዋል አሉ። ልጄ ከመንገድ አይታ ነገረችኝ። አንተማ አፍህን ይዘህ ዝም።»

«ያምራሉ፣ እትዬ።»

«አትሸንግለኝ። ዛሬውኑ አውርደህ አምጣው፤ ትንሽ እያየሁ ሳለሁ ላቃናው።»

ግንቡን በግራ እጃቸው እየዳበሱ ሄዱ። ግንቡ በር ጋ ሲቋረጥ እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ እንደተዘረጋ፣ የሚቀጥለውን ግንብ እየፈለገ፣ እሳቸው ራቁኝ።